ከሥዕሉ በፊት ጨርቁ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከኮን ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚያመራው መንገድ ተጓዥ ይበዛበታል። ልደት ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ላይ ይውላል፤ ላሊበላ ላይ ቀኑ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም ስለሆነ በዓሉ ድርብ ነው። ከነጠላውና ከጋቢው መካከል ዛሬ ሌላ ልብስ በርክቶ ይታያል፤ ደረቱ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ጀርባው ላይ የጉዞ ማኅበሩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ የታተመበት ቲሸርት። በጥምቀት፣ ጥር 11፣ ታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶችም እንዲሁ በአንድ ዓይነት ቲሸርት ይወጣሉ። አዲስ አበባ ላይ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫማ ቲሸርቱን ራሱን የመሮጫ ፈቃድ አድርጎታል።

ቲሸርት ሊያሳትሙ የተሰበሰቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት በሥዕሉ ላይ ነው። መስቀሉ ይተልቅ ወይስ ይነስ፣ ጽሑፉ በግእዝ ይሁን ወይስ በአማርኛ፣ ቀለሙ ወርቃማ ይሁን ወይስ ቀይ ሲባባሉ ያመሻሉ። ጨርቁን ግን «ጥሩውን አምጣልን» ብለው ለነጋዴው ይተዉታል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሥዕሉ ቢበላሽ በሚቀጥለው ዓመት ይታረማል፤ ጨርቁ ከተበላሸ ግን የዘንድሮው መታሰቢያ ፋሲካ ሳይደርስ የወለል መወልወያ ይሆናል። ስለዚህ ማኅበር ወክሎ ገንዘብ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ባዶውን ቲሸርት መመርመር ነው።

በዋድላና በላስታ ይህን ሙያ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። ጥጥ በደጋን ነድፈው፣ አመልማሎ ጠቅልለው፣ በእንዝርት ፈትለው ያደጉ እናቶች ክርን በጣታቸው ይፈርዱታል። ክሩ ወጥ ነው ወይስ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ይቀጥናል? የፈትሉ ጥምዝ ጠብቋል ወይስ ላልቷል? ፀጉር ያበዛል? እነዚህ ጥያቄዎች ለቲሸርትም ያው ናቸው። ልዩነቱ የቲሸርት ጨርቅ እንደ ሸማ በድርና ማግ አለመሸመኑ ነው፤ ክሩ እንደ ሹራብ ቀለበት በቀለበት ተያይዞ ይሠራል፤ የሚለጠጠውም ለዚህ ነው።

ቲሸርቱን በቀን ብርሃን፣ ከሱቅ ደጅ አውጥተው ወደ ሰማይ ዘርግተው ይዩት። ወጥ የሆነ ጨርቅ ብርሃኑን በእኩል ያሳልፋል። ደመና የመሰለ ጥቁርና ነጭ ከታየ ክሩ ወጥ አይደለም። ከዚያ ፊቱን በጉንጭዎ ወይም በእጅዎ ጀርባ ይዳብሱት። አጫጭሩ ጭረት በማበጠሪያ ወጥቶ ረጅሙ ጥጥ ብቻ የተፈተለበት ቲሸርት ለስላሳ ነው፤ በነጋዴው ቋንቋ «ኮምብድ» ይባላል። አጫጭሩ ያልወጣለት ግን ይሻክራል፣ ፀጉርም ያበዛል። ይህ ፀጉር ለሕትመት ትልቅ ጠላት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀለሙ ፀጉሩን አስተኝቶ ስለሚደርቅ ሥዕሉ ያምራል፤ ሁለቴ ሦስቴ ሲታጠብ ፀጉሩ ቀለሙን እየበሳ ይነሣና ሥዕሉን አመድ ያስመስለዋል። ባለቤቱ አታሚውን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የክሩ ነበር።

ስለ ውፍረት ነጋዴ ሁሉ «ወፍራም ነው» ይላል። የጨርቅ ክብደት የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው። 140 እና 150 ግራም ስስ ነው፤ 160 እስከ 180 መካከለኛ፤ ከ200 በላይ ወፍራም። ነጋዴው ቁጥሩን ባያውቀው ወይም ባይናገረው ሚዛን ይፈርዳል። አንድ ኤል (L) መጠን ቲሸርት በግምት አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ይፈጃል፤ ስለዚህ አሥር ኤል ቲሸርት አንድ ላይ አድርገው በቡና ነጋዴ ሚዛን ቢያስመዝኑ 1 ኪሎ ከ8 መቶ ግራም አካባቢ የሚመጣው ባለ 180 ነው። አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ ካልሞላ ስስ ተሽጦልዎታል። ለንጽጽር ያህል፣ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤና ለእግር ኳስ በዓል ሲያሳትሙ በየሱቁ የሚያገኙት ጊልዳን 5000 የሚባለው ቲሸርት 180 ግራም ገደማ ነው። ከዘመድ የተላከ አንድ እንኳ ቤት ካለ አውጥተው ከሚገዙት ጎን ያስቀምጡት፤ እጅ በፍጥነት ይማራል።

ነጭ ቲሸርት ላይ ክብደት ከምቾት በላይ የጨዋነት ጉዳይ ነው። 140 ግራም የሆነ ነጭ ገላን ያሳያል፤ ቤተ ክርስቲያን ለሚገባ ሰው፣ ይልቁንም ለእኅቶቻችን፣ ይህ አይሆንም። እጅዎን ውስጡ ከትተው የጣትዎ መልክ ከታየዎት ለበዓል አይግዙት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር? ከግርጌው የጨርቅ ጫፍ ትንሽ ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሁለቱም ከታዩ የተቀላቀለ ነው። የስፌቱ ክር ራሱ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ ከስፌቱ ሳይሆን ከጨርቁ ጫፍ መምዘዝዎን ያረጋግጡ። አንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ መቶ በመቶ ጥጥ ቢልም ክብሪቱን አይተዉት።

ይህ ምርመራ ላሊበላ ላይ ሌላ ትርጉም አለው። በልደት ዋዜማ ሌሊት ሕዝቡ ጧፍ ይዞ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆማል። ጥጥም እሳት ይይዛል፤ ማንም ከእሳት ነፃ ነው አይበል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ቁስሉም የከፋ ነው። ለሩጫ ፖሊስተር ቶሎ ስለሚደርቅ ይመረጥ ይሆናል፤ ጧፍ ለሚያዝበት ሌሊት ግን እኔ ከጥጥ ሌላ አልመርጥም።

ታዲያ የበዓል ቲሸርት ለምን በፖሊስተር ተጥለቀለቀ? መልሱ ከአታሚው መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። በየከተማው ኩባያና ፎቶ የሚያትመው ሱቅ ያለው ሰብሊሜሽን ነው። በዚህ አሠራር ቀለሙ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ወደ እንፋሎት ተለውጦ የፖሊስተሩ ጭረት ውስጥ ድረስ ይገባል። ስለዚህ አይላጥም፣ አይሰነጠቅም፣ በእጅ ሲዳበስም አይታወቅም። የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ እስከ ድንጋዩ ሽበት ድረስ ጥርት ብሎ ይወጣበታል። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ጥጥን አይዝም፤ ጥጥ ላይ ቢያትሙት ሲታጠብ ይሄዳል። ከነጭና ከፈዛዛ ቀለም ውጭም አይሠራም። አታሚው «ይህን ቲሸርት ብቻ ነው የምንሠራው» ካለዎት ጨርቁን የመረጠልዎ ማሽኑ ነው ማለት ነው። ጥጥ ከፈለጉ ሌላ አታሚ ይፈልጉ።

ለብዛት ትዕዛዝ፣ ሀምሳም ይሁን መቶ፣ ለጥጥ የሚስማማው የስክሪን ሕትመት ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ስክሪን ስለሚዘጋጅ ሥዕሉ አንድ ወይም ሁለት ቀለም ሲሆን ዋጋው ይረክሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ፕላስቲሶል ቀለም በደንብ የሚበስለው 160 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። መብሰሉን ማወቅ ቀላል ነው፤ የታተመውን ቦታ በሁለት እጅ ይዘው ለጠጥ ያድርጉት። ሥዕሉ አብሮ ተለጥጦ ከተመለሰ በስሏል፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጠቀ ጥሬ ነው፣ ይመልሱት። በፊልም ታትሞ በሙቀት የሚለጠፈው ዲቲኤፍ ለጥቂት ቲሸርትና ለብዙ ቀለም ይጠቅማል፤ ጥጥና ፖሊስተርንም አይመርጥም። ደረት ሙሉ ሲሆን ግን አየር አያስገባም፣ ላብም ያፍናል። ትንሽ መስቀል ከልብ በኩል ሲሆን ግን ያምራል።

ቀይ ፖሊስተር ወይም ቅልቅል ጨርቅ ላይ ነጭ ጽሑፍ ለማሳተም ያሰቡ ይጠንቀቁ። በማብሰያው ሙቀት የጨርቁ ቀይ ወደ ነጩ ቀለም ይወጣና ጽሑፉ በቀናት ውስጥ ሮዝ ይሆናል። ቀይና ጥቁር ጥጥም ቢሆን ሳይፈተን አይታመንም። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዘው ውስጡን ይሹት፤ ነጩ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ቲሸርቱ ከነጠላ ጋር ሲለበስ ነጠላውን ያበላሻል። በላብ የረጠበ ቀይ ቲሸርት በአዲስ ነጠላ ላይ ያደረገውን ያየች እናት ደግማ አታምነውም።

ነጩም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አንዱ ወደ ወተት። ከሁለት እሽግ የመጡ ቲሸርቶች ሱቅ ውስጥ በመብራት አንድ መስለው ጥር ፀሐይ ላይ ሲሰለፉ ይለያያሉ። ትዕዛዙ ሁሉ ከአንድ እሽግ ይሁን።

አንገቱ የቲሸርት ዕድሜ የሚታወቅበት ቦታ ነው። ጥሩ አንገት እንደ ሹራብ ክንድ ጫፍ ሽንትር ያለው፣ ሲለጠጥ ተመልሶ የሚሰበሰብ ነው። በጭንቅላት መጠን ለጥጠው ይልቀቁት፤ ተዘርግቶ ከቀረ ይተዉት። ከትከሻ እስከ ትከሻ በውስጥ በኩል ስፌቱን የሸፈነ ጥብጣብ መኖሩን ይዩ፤ ትከሻ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። እጅጌውና ግርጌው ላይ ቅምቅማቱ በሁለት ትይዩ መርፌ የተሰፋ ይሁን። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ አንድ ክር ሲበጠስ ሁሉም ይተረተራል። ይህን ሁሉ በአዲስ ቲሸርት ላይ ከማየት ይልቅ ሰልባጅ ተራ ሄደው ይማሩት። ብዙ ታጥቦ፣ ባሕር አቋርጦ መጥቶ አሁንም አንገቱ ያልላላውን ያንሡና ውስጡን ገልብጠው እንዴት እንደተሰፋ ይመልከቱ። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ጎኑንም አይርሱ። ጎኑ ላይ ስፌት የሌለው፣ እንደ ቱቦ ወጥቶ የተቆረጠ ቲሸርት አለ፤ ይህ በራሱ ነውር የለበትም፣ ረክሶም ይሸጣል። ነገር ግን ክሩ በፈትሉ ጥምዝ የተነሣ ከታጠበ በኋላ ዞር የማለት ጠባይ አለው። ያን ጊዜ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ የታተመው መስቀል ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። የጎን ስፌት ያለው ላይ ደግሞ ስፌቱ ወደ ሆድ ሲመጣ ይታያል። ሁለቱንም የሚያጋልጠው እጥበት ብቻ ነው።

እጥበቱ ደግሞ የእኛ ይሁን። በውጭ አገር ቲሸርት የሚፈተነው በማሽን ነው፤ በዋድላ ግን ልብስ ወንዝ ወርዶ በሳሙና ይታሻል፣ ድንጋይ ላይ ይወገራል፣ ተጠምዝዞ ይጨመቃል፣ በደጋው ብርቱ ፀሐይ ይሰጣል። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል። እንግዲህ አንዱን ገዝተው ርዝመቱንና ከብብት እስከ ብብት ያለውን ስፋት በሜትር ለክተው ይጻፉ፤ በዚሁ ወግ ደጋግመው አጥበው እንደገና ይለኩ። አስቀድሞ እንዲሰበሰብ ያልተደረገ የጥጥ ጨርቅ 5 በመቶ ቢያጥር አይገርምም፤ 70 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል አጣ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ካጠረ ሌላ ይፈልጉ። በረኪና ግን ለነጩም አይጠቀሙ፤ ጥጡን ያደክማል፣ ሕትመቱንም ያበላሻል። የጧፍ ሰም ሲንጠባጠብበት ወረቀት አንጥፎ በካውያ ማውጣት የለመድነው ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን ካውያ አያሳርፉ።

መጠንን በተመለከተ በፊደሉ አይመኑ። ከእስያ የሚመጣው ኤል ከአሜሪካው ኤል ብዙ ጊዜ ይጠብባል፤ ሜትሩ ይናገር። ደግሞም የታኅሣሥ ሌሊት በእኛ አገር ውርጭ ነው። ወጣቱ ቲሸርቱን የሚለብሰው ሹራብ ደርቦ ነው፤ የማኅበሩ ስም እንዲታይ ከላይ ያደርገዋል። ስለዚህ ለልደት የሚታዘዝ ቲሸርት ከሰውየው መጠን አንድ ከፍ ይበል።

የተሠራበት አገር ብዙ አይነግርም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም.፣ ከእኛ ቅርብ የሆነው ኮምቦልቻ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቁ የታሰቡት ለውጭ ገበያ ነበር፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ የአጎዋ ዕድል ሲቋረጥ ወደ አሜሪካ የሚልኩት ተጎዱ። የአገር ውስጡን ማስቀደም ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን በክብሪት፣ በሚዛንና በእጥበት ይፈተን።

ሥዕሉ የት ይቀመጥ ለሚለው አንድ ቃል ልጨምር። የቅዱሳን ሥዕል ጀርባ ላይ ዝቅ ብሎ ሲታተም ሰው ይቀመጥበታል፣ መኪና ወንበር ላይ ይፋተጋል። ደረት ላይ ይሁን፤ ጀርባው ለማኅበሩ ስም ይበቃል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ለላሊበላ ጉዞ ነጭ፣ መቶ በመቶ ጥጥ፣ የተበጠረ፣ 180 ግራም፣ የትከሻ ጥብጣብ ያለው፣ በስክሪን በአንድ ወይም በሁለት ቀለም የታተመ። ዋጋው ከስሱ ፖሊስተር ይበልጣል። የማኅበሩ ገንዘብ ካልበቃ ጨርቁን ሳይሆን የሥዕሉን ቀለም ብዛት ይቀንሱ። ወልድያም ይታዘዝ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ፣ ናሙናውን ኅዳር ሳይወጣ ገዝታችሁ እጠቡት፤ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ አታሚውም እናንተም ጊዜ አይኖራችሁም።