በእጅ የሚፈታ፣ በእጅ የሚገጠም

ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 የተባለው የጆሮ ማዳመጫ ለገበያ የቀረበው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያ ዘመን ስልክም ኮምፒውተርም ዛሬ ከሙዚየም በቀር ቦታ የለውም። ይህ ማዳመጫ ግን አሁንም አዲስ እየተሠራ ይሸጣል፤ ብዙ የድምፅ ባለሙያዎችም ሌላውን የሚመዝኑት በእሱ ነው። ምክንያቱ አሠራሩን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግልጽ ነው።

ከውጭ ሲያዩት አያብለጨልጭም። አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ የጆሮዎቹ ሽፋን ደግሞ ጥቁር የብረት ወንፊት። ወንፊቱ ለጌጥ አልገባም። ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን አየር ወደ ጆሮ በገፋ ቁጥር ወደ ኋላም ይገፋል። ጀርባው ቢደፈን ያ አየር ተመልሶ ድምፁን ያደፈርሰዋል፤ እዚህ ግን በወንፊቱ በኩል ይወጣል። ክፍት ጀርባ ያለውን ማዳመጫ በ1968 ኤችዲ 414 ብሎ ለገበያ ያወጣው ይኸው የጀርመን ኩባንያ ሰንሃይዘር ነበር። ኤችዲ 600 የዚያ ሐሳብ የበሰለ ፍሬ ነው።

ማዳመጫ ስፈትን በገና እመርጣለሁ። «ኢትዮፒክስ» ከተባሉት ተከታታይ አልበሞች 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው። በገና ሲደረደር ጅማቱ ብቻውን አይጮኽም። በጅማቱና በብርኩማው መካከል የገባችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ታወጣለች። በአንድ ምት ውስጥ ወፍራሙ መሠረት፣ በላዩ የሚንቀጠቀጠው ንዝረትና የደርዳሪው ዜማ አብረው አሉ። ተራ ማዳመጫ ሦስቱን አደባልቆ አንድ ጉምጉምታ ያደርጋቸዋል። ኤችዲ 600 እያንዳንዱን በቦታው ያስቀምጣል፤ በተለይ የሰው ድምፅ ሳይጋነንና ሳይደበዝዝ ይመጣል። ጉድለቱ ከታች ነው፤ እጅግ ወፍራሙ ቤዝ ይሳሳል። ከበሮው ደረቱን እንዲመታው የሚፈልግ ሰው አይረካበትም።

ክብደቱ 260 ግራም ገደማ ነው። ጆሮን የሚከበው ከፋይ መሰል ትራስ ሞላላ ስለሆነ ጆሮውን አይነካውም፤ ክፍት በመሆኑም አያልብም። አዲስ ሳለ ጨምቆ ይይዛል፤ ከአጠቃቀም ጋር ግን ይላላል።

አሁን ከአቻዎቹ ጋር እናስተያየው። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ በአሉሚኒየምና በማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ለዓይን እጅግ የተዋበ ዕቃ ነው። በ2020 ሲወጣ ዋጋው 549 ዶላር ነበር። ነገር ግን 385 ግራም ይመዝናል፤ ረጅም ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ይከብዳል። የሶኒው ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም4 ከ260 ግራም በታች ነው፤ የአውሮፕላንና የመኪና ጫጫታን አፍኖ በአንድ ቻርጅ እስከ 30 ሰዓት ይሠራል፤ ቤዙ ግን ከልኩ ያልፋል። የበየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ጀርመን ውስጥ ሃይልብሮን ላይ የሚሠራ ጠንካራ ዕቃ ነው። ዋጋውም ከሁሉም ይቀላል፤ ቀጫጭን ድምፆች ላይ ግን ጆሮ ይወጋል።

የኤችዲ 600 ትልቁ ጥበብ ያለው አፈታቱ ላይ ነው። ትራሱ ተስቦ ይወጣል፤ ወንፊቱ ይነሳል፤ ድምፅ አውጪው ክፍል ከቤቱ ይላቀቃል፤ ገመዱ በሁለቱም በኩል ተነቅሎ ይተካል። ይህ ሁሉ ያለ ብሎን መፍቻ፣ በባዶ እጅ ነው። መለዋወጫውም በነጠላ ይሸጣል። የሠራው መሐንዲስ ገና ሲነድፈው ዕቃው አንድ ቀን እንደሚያረጅ አስቦ መጠገኛውን አብሮ ሠርቶለታል። ለገዢው ከዚህ የሚበልጥ አክብሮት አላውቅም። በባትሪ የሚሠራ ማዳመጫ ግን ድምፁ ምንም ቢያምር ባትሪው ሲደክም ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መንገድ የሚበዛበት ሰው ሶኒውን ይግዛ። አቅሙ ውስን የሆነ ዲቲ 770ን ይዞ አይጸጸትም። ፀጥ ያለ ክፍል ያለው ሰው ግን ኤችዲ 600ን ይምረጥ። ጀርባው ክፍት ስለሆነ ድምፁ ለጎረቤት ወንበር ይሰማል፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 300 ኦም ስለሆነም በስልክ ብቻ በሚገባ አይሠራም። እናም ከገንዘብዎ ላይ ለአነስተኛ አምፕሊፋየር የሚሆን አስቀድመው ይቀንሱ።