የፍልሚያ ጥበበኞች ሕይወት በተከታታይ ፊልም

የአንድን የመንግሥት ሠራተኛ ማኅደር የገለጠ ሰው፥ ሠራተኛው መቼ እንደ ተቀጠረ፥ መቼ የደረጃ ዕድገት እንዳገኘ፥ መቼ እንደ ተመሰገነ ወይም እንደ ተቀጣ ያነብባል። ሠራተኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እየገባ የፈጸመውን ሥራ ግን ከዚያ አያገኘውም። ማኅደሩ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን የሰውየውን ሕይወት አልያዘም። ስለ ፍልሚያ ጥበበኞች የተሠሩትን ዘጋቢ ፊልሞች ስንመለከት ብዙ ጊዜ ይህ ማኅደር ትዝ ይለናል። ድሉ ተቈጥሯል፤ ምቱ ታይቷል፤ ዝናው ተወርቷል፤ ሰውየው ግን የለም።

የፍልሚያ ጥበብ ስንል በዛሬው አነጋገር ማርሻል አርት የሚባለውን፥ ማለት ካራቴን፥ ጁዶን፥ ኩንግ ፉን፥ የጃፓንን የሰይፍ ትምህርትና ይህን የመሳሰለውን ሁሉ ማለታችን ነው። የዚህ ጥበብ ባለሙያ የሚሰነዝረው ምት ከዐይን ጥቅሻ አይረዝምም፤ ምቱን ለመማር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈጃል። የፊልም መሣሪያ ምቱን ይወድዳል፤ ፈጣን ነው፥ ያምራል፥ ተመልካቹንም ከወንበሩ ያነሣዋል። ሠላሳውን ዓመት መያዝ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ተከታታይ ፊልም ከአንድ ወጥ ፊልም የሚሻለው ጊዜ ስለ ተሰጠው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው ሂስ በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም፥ ፊልም ሠሪው የተሰጠውን ጊዜ በምን ላይ አዋለው? የሚል ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በዚህ ረገድ በመጀመሪያ ሊነሣ የሚገባው፥ የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1983 ያሳየው «የጦረኛው መንገድ» የተባለው ባለ ስምንት ክፍል ፊልም ነው። ሃዋርድ ሪድና ማይክል ክራውቸር የተባሉት አዘጋጆች በዚያው ስም መጽሐፍም አሳትመዋል። እነዚህ ሰዎች ጥበቡን በከተማ ትርኢት አዳራሽ ከመፈለግ ይልቅ ወደ መምህራኑ አገር ሄዱ። በኦኪናዋ ደሴት የካራቴውን መምህር ሞሪዮ ሂጋኦናን፥ በታይዋን ሁንግ ኢ ሺያንግን፥ በጃፓን የሰይፉን መምህር ሪሱኬ ኦታኬን አገኙ፤ በደቡብ ሕንድ ኬረላንም ጐበኙ። በዚያ ዘመን የምዕራብ ተመልካች ስለነዚህ ጥበባት የሚያውቀው ከሲኒማ ቤት ጩኸት የተረፈውን ብቻ ነበርና፥ ይህ ጕዞ ራሱ ምስጋና የሚገባው ነው።

ምስጋናው የሚገባበትን ምክንያት በሁለት ምሳሌ እናስረዳ። ሂጋኦና በሚያስተምረው የጎጁ ሪዩ ካራቴ፥ ተማሪው አሸዋ የተሞላ እንስራ አፉን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ቈንጥጦ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ለተመልካች ይህ አሰልቺ ነገር ነው፤ ማንም አይመታም፥ ማንም አይወድቅም። ነገር ግን ኋላ የምናደንቀው የእጅ ብርታት የሚገኘው ከዚያ ነው። በኬረላም ካላሪፓያቱ የተባለው ጥበብ በልማዱ የሚሰጠው ከመሬት ዝቅ ብሎ በተቈፈረ፥ ርዝመቱ 42 ጫማ ወርዱ 21 ጫማ በሆነ ስፍራ ነው። በዚያ የሚያስተምረው ሰው የተማሪዎቹን ገላ በዘይት የሚያሽ፥ የተሰበረውንና የወለቀውንም የሚመልስ ወጌሻ ጭምር ነው። መስበርን የሚያውቅ እጅ መጠገንንም ማወቅ አለበት የሚለውን ትምህርት፥ ከአንድ ሺህ ምት ይልቅ ይህ አንድ ነገር ያስረዳል። ወደ መምህሩ ቤት ያልሄደ ፊልም ሠሪ ይህን ከቶ አያገኘውም።

የሆነ ሆኖ ጕድለቱም ሊነገር ይገባል። የዚህ ፊልም ክፍሎች የተደለደሉት በጥበብና በአገር ነው እንጂ በሰው አይደለም። አንዱ ክፍል ስለ ካራቴ፥ አንዱ ስለ ሰይፍ፥ አንዱ ስለ ሕንዱ ፍልሚያ ይናገራል። ከዚህም የተነሣ መምህሩ የጥበቡ ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል። ጥበቡ ምን እንደ ሆነ እንማራለን፤ ሰውየው ይህን ጥበብ ለመያዝ ምን እንደ ተወ፥ ማን እንዳስተማረው፥ ከማን እንደ ተጣላ፥ ቤቱን በምን እንዳስተዳደረ ለማወቅ ግን ጊዜው አይበቃም። ስምንት ክፍል ያለው ፊልም ብዙ አገር ከማየት ይልቅ ሦስት ሰው ቢያውቅ ኖሮ፥ የሄደው መንገድ ቢያጥርም የደረሰበት ስፍራ ይርቅ ነበር።

ከኦታኬ ትምህርት ቤት ሌላ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የካቶሪ ሺንቶ ሪዩ የሰይፍ ትምህርት ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሲሆን፥ የቺባ አውራጃ በ1960 በቅርስነት መዝግቦታል። በልማዱ ወደዚያ የሚገባ ተማሪ በገዛ ደሙ ያተመውን መሐላ ይሰጣል፤ የተማረውን ለውጭ ሰው ላያወጣ፥ ሳይፈቀድለትም ከሌላ ትምህርት ቤት ሰው ጋር ላይጋጠም ይምላል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ቤት ካሜራ ሲገባበት ምን ይሆናል? መምህሩ የሚያሳየው ይኖራል፤ የሚሸፍነውም ይኖራል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዋናው ትምህርት የሚገኘው ከመምህሩ አፍና አኗኗር እንጂ ከብራና ብቻ እንዳይደለ ያውቃልና። ስለዚህ ደግ ፊልም ሠሪ የተዘጋውን በር ሰብሮ አይገባም፤ ደግሞም በር እንደሌለ አድርጎ ተመልካቹን አያታልልም። «እዚህ ላይ በር አለ፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን አልተፈቀደልንም» ብሎ ቢናገር፥ ስለ ሰውየው ክብር ብዙ ነገር ገለጸ ማለት ነው።

ከቢቢሲው ሥራ አስቀድሞ የተቀረጹ ጥንታውያን ፊልሞችም አሉ። የአይኪዶው መሥራች ሞሪሄ ኡየሺባ በ1935 በኦሳካ ተቀርጿል። የጁዶው ሊቅ ክዩዞ ሚፉኔም በ1955፥ ዕድሜው ከሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ጐልማሶችን ሲጥል የሚያሳይ ፊልም ተሠርቶለታል። ሚፉኔ በ1965 ዐርፏል፤ ፊልሙ ባይኖር ኖሮ ያ ቀላል አካሄድ ከርሱ ጋር በተቀበረ ነበር። እነዚህን ሥራዎች እናከብራቸዋለን። ነገር ግን የእጅ መዝገብ ናቸው እንጂ የሕይወት ታሪክ አይደሉም። ሽማግሌው ጐልማሳውን ሲጥል አየን፤ ያ ሽማግሌ በወጣትነቱ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ አላየንም። ፍሬው ተሥሏል፤ ዛፉ ቀርቷል።

የብሩስ ሊ ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ሰው ዘንድ የጐደለው ፊልም ሳይሆን ልከኛ ወሬ ነው። በ1940 በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ፥ በሆንግ ኮንግ አድጎ፥ ከመምህር ኢፕ ማን ዘንድ የዊንግ ቹንን ጥበብ ተምሮ፥ ሐምሌ 20 ቀን 1973 በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ከሞተ በኋላ ሊያርፍ አልቻለም። ሳይጨርሰው የሞተውን ሥራ ሌሎች ሰዎች በምትኩ ተዋንያንን አቁመው በ1978 «የሞት ጨዋታ» ብለው ሲያወጡት፥ ከእውነተኛ ቀብሩ ላይ የተነሣውን ምስል ለልብ ወለዱ ማሟያ አደረጉት። ሙታንን እንዲህ አድርጎ ማሠራት በየትኛውም አገር ልማድ ነውር ነው። ጆን ሊትል በ2000 ባቀረበው ዘጋቢ ፊልም ብሩስ ሊ ራሱ የቀረጸውን ፈልጎ እንደ ሰውየው አሳብ አሰናድቶ ማሳየቱ፥ ያን ነውር በጥቂቱ ካሰው።

በ2008 በቻይና ቴሌቪዥን ስለ እርሱ ባለ 50 ክፍል ተከታታይ ድራማ ታይቷል። ከዚህ ይልቅ ረዥም ጊዜ ማን ያገኛል? ነገር ግን ርዝመትና ጊዜ አንድ አይደሉም። ሃምሳው ክፍል በጠብ ላይ ጠብ ሲደራረብበት፥ ተመልካቹ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሰውየውን እንደ ሐውልት ከሩቅ አይቶት ይነሣል። ባኦ ንጉየን በ2020 ያሳየው «ውሃ ሁን» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ግን አንድ ወጥ ሆኖ ሳለ ከዚያ የበለጠ ሰው ያሳየናል። ምስክሮቹን በአብዛኛው በድምፅ ብቻ እያሰማ፥ ዐይናችን በብሩስ ሊ ላይ እንዲቆይ አድርጎታል። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የእስያ ሰው ዋናውን ስፍራ እንዳያገኝ ስለ ተዘጋበት በር በመናገሩም፥ ብሩስ ሊ ከማን ጋር ይታገል እንደ ነበረ በግልጽ አስረድቷል።

ስለዚሁ ሰው የሚነገር አንድ ታሪክ የዘጋቢን ሐቀኝነት ይፈትናል። በ1964 በኦክላንድ ከተማ ብሩስ ሊ ከዎንግ ጃክ ማን ጋር በዝግ ቤት ተጋጠመ። የተቀረጸ ፊልም የለም። የብሩስ ሊ ወገን ግጥሚያው ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየ ሲል፥ የዎንግ ወገን ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ ይላል። ስለ ጠቡ ምክንያትና ስለ አሸናፊውም ሁለቱ አይስማሙም። ልብ ወለድ የሚሠራ ሰው አንዱን መርጦ ቢያሳይ መብቱ ነው። ዘጋቢ ግን ዳኛ ሳይሆን ምስክር አቅራቢ ነውና፥ ሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርዱን ለተመልካች መተው ይገባዋል። ያልታየውን በተዋንያን አሠርቶ እንደ ታየ ማቅረብ፥ ባልተገኘ ሰው ስም ቃለ ጉባኤ እንደ መፈረም ነው።

«ልምምድና ዝምታ ቢበዛ ተመልካቹ ይሰለቻል» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። ይህን ለመመዘን ከፍልሚያ ጥበብ ትንሽ ወጣ ብለን፥ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ወደ ገባበት ዓመት፥ ወደ 1964ቱ የቶኪዮ ውድድር እንሂድ። የዚያን ውድድር ፊልም እንዲያዘጋጅ የተመረጠው ኮን ኢቺካዋ ሥራውን በ1965 ሲያሳይ፥ የኦሊምፒክን ጉዳይ የያዙት ሚኒስትር ኢቺሮ ኮኖ ፊልሙ ለመዝገብነት አይበቃም ብለው ነቀፉት። በዚህም ምክንያት «መዝገብ ነው ወይስ ጥበብ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ፊልሙ ምን አሳይቶ ነበር? ገና በ1960 ነፃ ከወጣችው ከቻድ የመጣውን ሯጭ አሕመድ ኢሳን፥ ሜዳሊያ ሳያገኝ፥ ከብዙ ሕዝብ መካከል ብቻውን ሲበላና ሲመላለስ አሳየ። የኛውን አበበ ቢቂላንም፥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፥ ከቅርብ ሆኖ ረዘም ላለ ጊዜ ፊቱን ብቻ አሳየ። የሚሮጥ ሰው ፊትና የሚወርድ ላብ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ያን ያየ ሰው ግን የአበበን ትዕግሥት ከማንኛውም የሰዓት ቍጥር ይልቅ ያስታውሰዋል። ቍጥሩን ለማወቅ የውጤት ሰንጠረዥ ይበቃል፤ ፊቱን ግን ሰንጠረዥ አይዘውም።

እንግዲህ ስለ ፍልሚያ ጥበበኞች ሕይወት ተከታታይ ፊልም ሊሠራ ለሚነሣ ሰው፥ ሥራውንም አዝዞ ገንዘቡን ለሚመድብ መሥሪያ ቤት፥ የምንጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ክፍሎቹ በሰው ስም ይከፈሉ። ወደ አንድ መምህር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ተመላልሶ ይኬድ፤ በክረምትም በበጋም፥ ተማሪ ሲሞላም ተማሪ ሲጠፋም ይታይ። መምህሩ ብቻ አይናገር፤ ተማሪው፥ የትዳር ጓደኛው፥ ትምህርቱን አቋርጦ የሄደውም ሰው ይናገር፤ ትቶ የሄደ ሰው የጥበቡን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቀዋልና። የታመመ ጉልበትና የተጣመመ ጣት አይደበቅ። የተባለው ከታየው ይለይ። እነዚህ ነገሮች የሚጠይቁት ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ብዙ ማለዳ ነው።

ይህንም የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁንግ ኢ ሺያንግ በ1993፥ ኦታኬም በ2021 ዐርፈዋል። በ1983ቱ ፊልም በራቸውን ለካሜራ የከፈቱ እነዚህ መምህራን ዛሬ ሊጠየቁ አይችሉም፤ ያልተጠየቁት ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። ጥበባቸውን ተማሪዎቻቸው ይዘውታል፤ እንዴት እንዳረጁ፥ በምን እንደ ተጸጸቱ፥ ተማሪ በማይመጣበት ማለዳ ብቻቸውን ሲለማመዱ ምን ያስቡ እንደ ነበረ ግን ከጠያቂ በቀር የሚያወጣው አልነበረም። ዛሬም በየአገሩ በሕይወት ያሉ ሽማግሌ መምህራን አሉ። ምታቸውን ለመቅረጽ የሚመጣ አይጠፋም፤ ማለዳቸውን ለመቅረጽ የሚነሣ ግን ዛሬውኑ ይነሣ።