ከጎንደር እስከ መተማ ፎቶን ቢላክ

በኳንተም መረጃ ዝውውር ፎቶን ይጓዛል፣ አተም ያስቀምጣል። በሌዘር የተነቃቃ የሩቢዲየም አተም ፎቶን ሲለቅ፣ የፎቶኑ ፖላራይዜሽን ከአተሙ ስፒን ጋር ተጠላልፎ ይወጣል። አገር ውስጥ ይህን የብርሃንና የአተም ግንኙነት በስሌት ከተነተኑት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍስሐ ካሣሁን ናቸው፤ የኳንተም ኦፕቲክስ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። መንገዱ ሲረዝም ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ከጎንደር በአይከልና በገንዳ ውኃ አልፎ መተማ ዮሐንስ የሚደርስ 200 ኪሎ ሜትር ፋይበር አለ እንበል። የሩቢዲየም ብርሃን 780 ናኖሜትር ነው፤ በኪሎ ሜትር 4 ዴሲቤል ያህል ስለሚባክን አይከል እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ሞገዱ ወደ 1500 ናኖሜትር አካባቢ ይቀየራል፤ ብክነቱም ወደ 0.2 ይወርዳል። ያም ሆኖ ከ10,000 ፎቶን መተማ የሚገባው አንድ ነው። የኢንተርኔት መስመር ቢሆን መንገድ ላይ ማጉያ ይተከል ነበር፤ ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 እንደተረጋገጠው፣ አይቀዳም።

መላውን ብሪገል፣ ዱር፣ ሲራክና ዞለር እ.ኤ.አ. በ1998 አቀረቡት። መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ እኩሌታ ለየብቻው ይጠላለፋል፤ ከዚያ መሐል ያለው ጣቢያ ሁለቱን አተሞቹን አንድ ላይ ሲለካ ጥልፍልፉ ወደ ዳርና ዳር ይሻገራል።

የሙያው ፈተና መጠበቁ ላይ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ከ100 ፎቶን አንዱ ይደርሳል። ፎቶኑ ሄዶ የመድረሱ ዜና እስኪመለስ 1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ እኩሌታ እስኪሳካ በአማካይ 100 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። ቀድሞ የተሳካለት አተም ይህን ሁሉ ጊዜ ስፒኑን ሳያዛባ መቆየት አለበት፤ ትንሽ የማግኔት መስክ መዋዠቅ ያበላሸዋል።

የሙኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በ400 ሜትር የተራራቁ ሁለት አተሞችን በ33 ኪሎ ሜትር ፋይበር አጠላለፉ። በ2024 ደግሞ አተምና ፎቶን በ101 ኪሎ ሜትር ፋይበር ማዶና ማዶ ተጠላልፈው ታዩ። ርቀቱ የጎንደር–መተማ እኩሌታ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን ፋይበሩ በጥቅል የተጠመጠመ ነበር፣ የአተሙም ትውስታ 7 ሚሊሰከንድ ነው።

የመተማ ቆላም የራሱን ፈተና ይጨምራል። ሙቀቱ ከቀን ወደ ሌሊት ሲለዋወጥ በፋይበሩ ውስጥ ፖላራይዜሽኑ ስለሚዞር ሳያቋርጡ ማረም ግድ ነው። አተሙ በሌዘር ወጥመድ ተይዞ የሚቆይ ስለሆነም፣ መብራት ለቅጽበት ቢጠፋ አተሙም የያዘውም መረጃ ያመልጣል።