በራቬና መሠዊያ ዙሪያ

ጣሊያን፣ ራቬና ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ቪታሊስ ቤተ ክርስቲያን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ547 ተባረከ። መቅደሱ በወርቅና በባለ ቀለም መስታወት ሞዛይክ ተሸፍኗል። እኔን ግን ከወርቁ ይበልጥ የሚማርከኝ ሥዕሎቹ ያሉበት ቦታ ነው።

ከመሠዊያው በአንዱ ወገን አቤል ጠቦቱን፣ መልከ ጼዴቅ ኅብስቱን ወደ ላይ አንሥተው ይታያሉ። በመካከላቸው ነጭ ልብስ የለበሰ መሠዊያ አለ፤ ጽዋና ሁለት ኅብስት ተቀምጦበታል። ከደመናው የእግዚአብሔር እጅ ተዘርግቷል። በዘመን ያልተገናኙ ሁለት ሰዎች በአንድ ማዕድ ፊት ቆመዋል! ከእነሱ ትይዩ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሰይፉን አንሥቷል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ አልተሠራም። በጥንታዊው የሮማ ሥርዓተ ቅዳሴ ካህኑ መሥዋዕቱን ተቀበል ብሎ ሲለምን አቤልን፣ አብርሃምንና መልከ ጼዴቅን በስም ይጠራል። ምእመኑ በጆሮው የሚሰማውን በዐይኑ ያየዋል፤ የቀደሙት መሥዋዕቶች ሁሉ የሚያመለክቱት የክርስቶስ መሥዋዕት ከፊቱ ባለው መሠዊያ ላይ እንዳለ ይረዳል። ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ እንኳ እዚያ የተሣለው ጻሕል ይዞ፣ ንግሥት ቴዎድራም ጽዋ ይዛ ነው፤ ሁለቱም መባ አቅራቢዎች ናቸው።

የካቶሊክ ቅዳሴ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ ግድግዳ የተሻለ መምህር አላውቅም።