ውኃን በክንድ መመዘን

በጓሮው ኩሬ ቆሮሶ ዓሣ የሚያረባ ሰው ጠዋት መጀመሪያ የሚጎበኘው ውኃውን ነው። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ መዳፉን አጥፎ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ያጠልቃል። ውኃው ክርኑ ጋ ሲደርስ፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲጠልቅ፣ መዳፉ ከዓይኑ ከተሰወረ የውኃው አረንጓዴነት ልክ ነው። ቀድሞ ከጠፋ ፍግና መኖ ይቀንሳል፤ ክርኑ ጠልቆም መዳፉ ከታየው ጥቂት ፍግ ይጨምራል።

ያ አረንጓዴ በዓይን የማይለዩ የጥቃቅን እፅዋት ቀለም ነው። ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ይመገባሉ፤ ለቆሮሶውም ምግብ ይሆናሉ። ሌሊት ግን እነሱም ኦክስጅኑን ስለሚሻሙ፣ ኩሬው እጅግ የሚጨነቀው ጎህ ሲቀድ ነው። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ያየ ባለኩሬ፣ መኖውን ትቶ ንጹሕ ውኃ ይለቅላቸዋል።

ከኩሬው የሚቀዳው አሮጌ ውኃም ብክነት የለውም፤ ጎመኑ ሥር ይፈሳል።

ሰውየው ዓሣ አርቢ ይባላል እንጂ ዕለት ዕለት የሚንከባከበው ውኃውን ነው፤ ዓሣውን ውኃው ያሳድግለታል።