እራት ላይ የቀረበ አምባሰል

እናቴ የተወለደችበትን ዕለት ታውቃለች፤ ዓመቱን ግን አታውቅም። «በጥቅምት፣ በእስጢፋኖስ ዕለት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን እናቴ ይዛው ሞተች» ትላለች። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ይበቃል። ጥቅምት 17 ቅዱስ እስጢፋኖስ ይነግሣል፤ እስጢፋኖስ ደግሞ ለዚያ አገር ሰው የታቦት ስም ብቻ ሳይሆን የቀዬው መጠሪያ ጭምር ነው። አዲስ አበባ ያደጉት የልጅ ልጆቿ ግን የሚያውቁት ቁጥር ያለውን ልደት ነው። ተሰባስበው ደመሩ፣ ቀነሱ፤ ባለፈው ጥቅምት ሰባኛ ዓመቷን አጸደቁላት። ኬክ ታዘዘ። ከእራት ጋር ዘፈንና ውዝዋዜ ከሚያቀርቡት የባህል ምግብ ቤቶች በአንዱም ጠረጴዛ ተያዘ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የቤተሰቤ ድግስ አይደለም። ጉዳዩ በዚያ ምሽት «አምባሰል» ተብሎ የቀረበልን ነገር፣ በጠቅላላውም በዋና ከተማችን በየምሽቱ ከክትፎና ከጠጅ ጋር የሚቀርበው የመድረክ ኪነት ነው። ስለ ልብ ወለድና ስለ ትያትር በየጊዜው ሂስ ይጻፋል። የከተማው ሰው ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድበት፣ የውጭ እንግዳ ሲመጣበትም «አገራችን ይህች ናት» ብሎ የሚያሳይበት ይህ መድረክ ግን ሂሰኛ ሲጎበኘው አይታይም። ምግብ ቤት ስለሆነ ይመስለኛል። በበኩሌ ይህን ምክንያት አልቀበለውም፤ ለምን እንደማልቀበለው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእራቱ በፊት መኪና ስናይ ነበር ያመሸነው። ታናሽ ወንድሜ መኪና ሊገዛ ካሰበ ቆይቷል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ የገዢው ዓይን ወደ ኤሌክትሪኮቹ ዞሯል፤ የሱም እንዲሁ። እናታችንን ምን ብለን ቤት እንተዋት ብለን ይዘናት ሄድን። መኪኖቹ በደማቅ መብራት ሥር ተደርድረዋል። ወለሉ መስተዋት ይመስላል። የመቀመጫው ላስቲክ ገና አልተነሣም። ዋጋ አልተለጠፈም፤ ይጠየቃል። በሩን ከፈትን፣ ዘጋን፤ መሪውን ጨበጥን፤ እየዞርን አየን። እናቴ የኋላ ወንበር ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ሐይቅ ድረስ ይወስደኛል?»

«እማማ፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄድልዎታል።»

ወንድሜ አሰላው። ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን ገና ሠላሳ ያህል ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። የጣርማ በር አቀበትም ባትሪውን ሳይበላ አያሳልፍም።

«እንግዲያስ ደሴ ያውርደኝና የቀረውን በእግሬ ልጨርሰው» አለች። ሻጩ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ጥያቄዋ ግን የዋዛ አልነበረም። ያ ሁሉ መብራትና ያ ሁሉ ማብለጭለጭ እያለ፣ እሷ የጠየቀችው ነገሩ የት እንደሚያደርስ ነው። እኛ ስለ ቀለሙ ስንጠይቅ ነበር።

ማታ ይኸው ጥያቄ መድረኩ ፊት ተመልሶ መጣብኝ።

ተወዛዋዦቹን ማመስገን ይገባል። ወጣቶች ናቸው፤ ትከሻቸው ይታዘዛቸዋል፤ እግራቸው ምት አይስትም። አንድ ሰዓት በማትሞላ ጊዜ ውስጥ ጎጃም፣ ጉራጌ፣ ትግራይ፣ ወላይታ፣ ሸዋ ኦሮሞ፣ ጋምቤላ በፊታችን አለፉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ልብስ የሚቀይሩበት ጊዜ አንድ ጉርሻ ከማላመጥ አይበልጥም። ይህን ለመቻል ምን ያህል ልምምድ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ችግሩ ከሰልፉ ነው። ሁሉም እኩል ደቂቃ፣ እኩል ፍጥነት፣ እኩል ፈገግታ ተሰጥቶታል። የሠርጉ፣ የአጨዳው፣ የጦርነቱ፣ የናፍቆቱ ዘፈን አንድ ዓይነት ፊት ይዞ ይወጣል፤ እንደ መኪኖቹ በመብራት ሥር ይቆማል፤ ከዚያም ቦታውን ለተከታዩ ይለቃል።

«ወሎ!» ተባለና አምባሰል መጣ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ስለ አምባሰል ጥቂት ልበል። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን መካከል ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አምባሰል ከሐይቅ አፍ አጠገብ ያለ አገር ነው። ዋና ከተማው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ያ አወዛጋቢ ውል የተፈረመባት ናት። ቅኝቱ እንደ ሌሎቹ አምስት ድምፅ አለው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ሰፊ ዝላይ ይመጣል። እንጉርጉሮው የሚወለደው በዚያች ጠባብ መነሻ ላይ ነው። ዘፋኙ ይነሣል፣ ያመነታል፣ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ከዚያ ነው ዘሎ የሚሄደው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትዘፍን የሰማ ሰው፣ ያ ማመንታት ሲወጣ ዘፈኑ ውስጥ ምን እንደሚቀር አይጠፋውም። ማሲንቆ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ጣት በጭራው ላይ ስትንሸራተት በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ትነካለች።

በዚያ ምሽት የሰማነው አምባሰል በኪቦርድ ምት ላይ ተጭኖ ሦስት ደቂቃ ያህል ሮጠ። ማሲንቆው በዘፋኙ እጅ አለ፤ ድምፁ ግን ከማጉያው ሥር ጠፍቷል። ማመንታቱ ለጭፈራ አይመችምና ተቆርጦ ወጥቷል። ቅኝቱ በስም አለ፣ በድምፆቹም አለ፤ ናፍቆቱ የለም። እናቴ ማንኪያዋን አንሥታ መብላቷን ቀጠለች። ከዚህ የበለጠ ሂስ በዚያ ቤት ውስጥ አልተሰጠም።

የዚህ አቀራረብ ዘር ማንዘር ሲፈለግ ከምግብ ቤቶቹ በፊት ይገኛል። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ወሎም ላሊበላን አፈራች። የእነዚህ ቡድኖች ውለታ ትልቅ ነው፤ ስንቱን ድምፃዊና ተወዛዋዥ ከገጠር አውጥተው አሳይተውናል። በ1980 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ደግሞ የአገሪቱን ዘፈንና ውዝዋዜ በአንድ ምሽት አጠቃሎ ለባዕድ ተመልካች የማሳየት ትልቁ ሙከራ ነበር። ለባዕድ ተመልካች ማጠቃለል ያስፈልግ ይሆናል። የዛሬው ጥያቄ ግን ለምንድን ነው እኛም በገዛ ቤታችን፣ እናቶቻችንን ይዘን፣ እንደ ባዕድ የምናየው? የሚል ነው።

«ሰው የሚመጣው ሊበላ ነው፤ ከምግብ ቤት ምን ትጠብቃለህ?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ነው ከላይ ምክንያቱን አልቀበልም ያልኩት። በእኛ አገር እራትና ኪነት ተጣልተው አያውቁም። ግብር ምን ነበር? በምኒልክ አደራሽ ሥጋው ሲቆረጥ፣ ጠጁ ሲቀዳ፣ አዝማሪው ያወድሳል፤ ወርቅ ለበስ ነቀፋም ጣል ያደርጋል። የበላው ጦረኛ ራሱ ተነሥቶ ይፎክራል፣ ይሸልላል። ተመጋቢው ተመልካች ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ትያትራችንስ? የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ለመኳንንቱ የታየው ትያትር ቤት ባልነበረበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ በነበረ ሆቴል ውስጥ ነው። በእንስሳት አስመስሎ የሹማምንቱን ብልሹነት ነካክቷልና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እንግዲህ ሆቴል ውስጥ የቀረበ ሁሉ ለማስፈገግ ብቻ የቀረበ አይደለም። የሚያስፈራም ነበር።

ትያትር ቤት ሲመጣ ሌላ ሥርዓት ይዞ መጣ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ወንበሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ፤ መብራቱ በተመልካቹ ላይ ጠፋ፤ ተመልካች ዝም አለ። ያ ዝምታ ባዶ አይደለም። ለከያኒው «ተናገር፣ እየሰማሁህ ነው» የሚል ቃል ነው። በግብር ቤት ለኪነት የሚከፈለው ዋጋ መልስ ነበር፤ በትያትር ቤት ዝምታ ሆነ።

የባህል ምግብ ቤታችን ሁለቱንም አይጠይቀንም። ከግብሩ መብሉን ወስዶ መልሱን ትቶታል። ከትያትር ቤቱ መድረኩን ወስዶ ዝምታውን ትቶታል። ለእኛ የቀረልን ቀን ላይ በመኪና መሸጫው ያየሁት ዓይን ነው፤ የሚዞር፣ የሚያደንቅ፣ ዋጋ የሚጠይቅና የሚወጣ ዓይን። ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ምን እንደ ሰማ ግን ቢጠየቅ አይመልስም።

ማየት ብቻውን ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ካቀኑት ከዚያ ገዳም አጠገብ እናቴ ዕድሜዋን ስትኖር ውስጡን አላየችም፤ ያየችው ውኃውን፣ ዛፉን፣ ከዛፉ በላይ ያለውን ነው። ነገር ግን ከዳር ቆማ ተስላለች፣ መባ ልካለች፣ ጾማለች። ከሩቅ ናት፤ ባይተዋር ግን አይደለችም። እኛ ከመድረኩ አምስት እርምጃ ርቀን ተቀምጠን ባይተዋሮች ነበርን።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰልፉ አልቆ ሙዚቃው ጋብ ሲል አንድ ማሲንቆ ያዥ በየጠረጴዛው መዞር ጀመረ። በ1990ዎቹ በካዛንችስ አዝማሪ ቤቶች ያመሸ ሰው ይህን ዙር ያውቀዋል። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ፈርሷል፤ ዙሩ ግን እንዲህ በየቤቱ ተርፏል። ወደ እኛ መጣና፣

«እማማ፣ ምን ልበልልዎ?» አላት።

«አምባሰል በለኝ ልጄ፤ ግን አትሩጥብኝ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ማሲንቆውን አስተካከለና ቀስ ብሎ ገባ። ያቺ ጠባብ መነሻ መጣች፤ አመነታ፤ ተመለሰ። እናቴ ጎንበስ ብላ ሁለት ስንኝ በጆሮው ሰጠችው። ሐይቁ ነበረበት፤ የማይመለስ ሰውም ነበረበት። ስንኞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ የሰጠችው ለእሱ እንጂ ለእኔ አይደለም። ተቀብሎ አዜመው፤ ሦስተኛ ጨመረበት። የጎረቤቱ ጠረጴዛ ወሬውን አቆመ። ለአንድ አፍታ ያ ቤት ግብርም ትያትርም ሆነ። አንዱ ሰጪ፣ አንዱ ተቀባይ፣ ሌላው ዝም ብሎ የሚሰማ።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። የልደት ሙዚቃ በማጉያ ተለቀቀ፤ የእናቴ ስም በማይክሮፎን ተጠራ፤ ኬኩ በሻማ ታጅቦ መጣ። ማሲንቆ ያዡ እጅ ነሥቶ ወደ ኋላ አለ። ጥፋቱ የቤቱ ብቻ አይደለም፤ ኬኩን ያዘዝነው እኛ ነን። እናቴ ደግሞ ጽጌን ትጾማለች። ወተትና እንቁላል ያለበትን የራሷን ኬክ ቆርሳ ለልጆቹ አደለች እንጂ አልቀመሰችም። ይህንንም አስቀድሞ የጠየቃት አልነበረም።

እንዲህ ዓይነት ቤቶች ይዘጉ የሚል ቢኖር እኔ አብሬው አልቆምም። ማሲንቆ ያዡን የሚያኖሩት እነሱ ናቸው፤ ተወዛዋዦቹም ሙያቸውን የሚያሳድሩት እዚያ ነው። የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከምሽቱ ውስጥ አንድ ሩብ ሰዓት ለአንድ ዘፈን ብቻ ይሰጥ፤ ዛሬ ለአምባሰል፣ ነገ ለሌላው። ማጉያው ይቀነስ። ማሲንቆ ያዡ መጨረሻ ላይ ሽልማት ለመልቀም ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ስንኝ ለመቀበል ይዙር። እኛም ስንሄድ ስልካችንን ብቻ ሳይሆን ሁለት ስንኝ ይዘን እንሂድ። ስንኝ የሌለው ዝምታውን ይስጥ።

ወንድሜ መኪናውን እስካሁን አልገዛም፤ በመንገድ ላይ ቻርጅ የሚደረግበትን ቦታ እያጠያየቀ ነው። እናቴ በአውቶቡስ ተመለሰች። ያን ምሽት ከምግብ ቤቱ ስንወጣ «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ደግ ነው» አለች። ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆም ብላ፣ «እነዚያ ልጆች ግን እንዲያ ሲደክሙ አምሽተው እራት ሰጧቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሳልጠይቅ መውጣቴን ያወቅሁት ያኔ ነው።