ርካሽ የጨዋታ ኮምፒዩተር መግጠሚያ ዝርዝሮች በከሚሴ ሲመዘኑ

ተማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉት አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ይኸውም በትንሽ ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒዩተር ለመግጠም የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ከነዋጋቸው የሚዘረዝር መምሪያ ነው። አብዛኛው የተጻፈው በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖር ገዢ ሲሆን በእኛ ዘንድ ግን እንደ ሕግ ሲጠቀስ እንሰማለን። በዚህ ሐተታ የምንመረምረው እንዲህ ያለው ዝርዝር ከሚሴ ሲደርስ ምን ያህል ይጸናል የሚለውን ጥያቄ ነው። ከሚሴን የመረጥንበት ምክንያት ከመካከላችን የአካባቢው ተወላጆች ስላሉ፣ ደግሞም ከተማው ዝርዝሮቹ የዘነጉትን ሁሉ፣ ማለት የመብራቱን፣ የሙቀቱንና የመንገዱን ነገር፣ በአንድነት የያዘ ስለ ሆነ ነው።

አስቀድሞ ዝርዝሮቹ የሚመሰገኑበትን መናገር ይገባል። የጨዋታውን ሥዕል የሚሠራው በተለይ ግራፊክስ ካርዱ ስለ ሆነ ከገንዘቡ ከፍ ያለው ድርሻ ለእርሱ ይሁን ይላሉ። ውድ ፕሮሰሰር ገዝቶ ከደካማ ካርድ ጋር ማጣመር ገንዘብ ማባከን መሆኑንም በሚገባ ያስረዳሉ። በዚህ አንከራከርም። ጠንቃቆቹ ጸሐፊዎች ደግሞ በፓወር ሰፕላይ እንዳንቆጥብ ይመክራሉ። ነገር ግን ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ የተስተካከለ ነው ብለው ስለሚነሡ፣ ከፓወር ሰፕላዩ በፊት ሊቆም ስለሚገባው ስታቢላይዘር አንድ ቃል አይናገሩም። ምክራቸው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ፈጥኖ የሚቀረው የፓወር ሰፕላዩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ለዚህ ከራሳችን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ከመካከላችን አንዱ አባቱ ማሾ ሸጠው የሰጡትንና ራሱ በክረምት ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። በዝርዝሩ መሠረትም ከአንድ ሱቅ ዕቃዎቹን ገዛ። ካርዱ ጥሩ ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ግን ስሙ ያልታወቀ፣ በላዩ 500 ዋት የተጻፈበት፣ በእጅ ሲነሣ የሚቀል ነበር። በሦስተኛው ወር፣ ከሚሴ ቤቱ ሳለ፣ ማታ መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ክፍሉን የተቃጠለ ሽታ ሞላው። ፓወር ሰፕላዩ ማዘርቦርዱን ይዞ ሄደ። ካርዱ ተረፈ፤ ነገር ግን የሚሰካበት አልነበረም። ሻጩም በመብራት ምክንያት ለተቃጠለ ዕቃ ኃላፊ አይደለሁም ብሎ መለሰው፤ የደርሶ መልሱ መንገድ ወጪ በኪሳራው ላይ ተጨመረ። በዚያን ጊዜ አባቱ «ዕቃው ሲገዛ ስለ መብራት የጠየቀ ሰው የለም ወይ?» አሉት። ይህን ጥያቄ በተመለከትናቸው ዝርዝሮች ውስጥ አላገኘነውም።

ሁለተኛው ጉድለት ከገበያ የሚነሣ ነው። ዝርዝሮቹ በዶላር ያሰላሉ፤ ዕቃውንም አዲስ አድርገው ያስባሉ። በአገራችን ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ብዙው ተማሪ የሚገዛው ከቢሮ አገልግሎት የወጣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ነው። ይህ መልካም መንገድ ቢሆንም የራሱ ወጥመድ አለው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 በቀጭኑ ሳጥን ሲሆን ፓወር ሰፕላዩ 180 ዋት፣ በትልቁ ሳጥን ሲሆን 240 ዋት ነው። የገመዱ ጫፍም የኩባንያው የራሱ ስለ ሆነ ሌላ ገዝቶ መተካት ቀላል አይደለም። እስከ 185 ዋት የሚፈልገውን አርኤክስ 580 ካርድ ለእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር መግዛት አህያ የማትችለውን እንደ መጫን ነው። ከጂቲኤክስ 1650 ካርዶች ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ዓይነት ግን ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ይሠራል። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነ ቁመቱ ያጠረውን ዓይነት መፈለግ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የተቋረጠ ሲሆን ዊንዶውስ 11 በደንቡ ከ7050 ፕሮሰሰሮች የሚቀጥለውን ትውልድ ይጠይቃል። ሻጭ ይህን ሳይጠየቅ አይነግርም።

ሦስተኛው ጉድለት ሙቀትን አለመቁጠር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ከሚሴ በቦርከና ሸለቆ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ የሚሠራው ዕቃም በዚያው መጠን ገደማ ይሞቃል። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር በቀትር ሲሆን ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በብርድ አገር የተለካው የፍጥነት ቁጥር በከሚሴ ላይገኝ ይችላል። እንግዲህ ብዙ ዋት የሚበላ ካርድ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንድ ጊዜ በመብራቱ፣ አንድ ጊዜ በሙቀቱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምን ልንጫወት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። አብዛኛው ጓደኛችን የሚፈልገው የእግር ኳስ ጨዋታና በ2007 ዓ.ም. ለኮምፒዩተር የወጣው ጂቲኤ 5 ነው። ለእነዚህ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ ካርድ ይበቃል፤ ሥዕል የሚሠራው ክፍል በውስጡ አለና። ሆኖም ይህ ክፍል የሚጠቀመው በኮምፒዩተሩ ራም ስለ ሆነ፣ አንድ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት መግዛት ፍጥነቱን በግልጽ ይጨምራል። ካርድ ኋላ ገንዘብ ሲገኝ ይታከላል። ላፕቶፕ አይሻልም ወይ የሚለን ይኖራል። ባትሪው መብራት ሲሄድ መጥቀሙን እንቀበላለን፤ ነገር ግን ሙቀት ይብስበታል፣ ካርዱም በኋላ አይለወጥም።

ስለዚህ የእኛ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ስታቢላይዘርና ስሙ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ፤ ቀጥሎ በውስጡ ሥዕል መሥሪያ ያለው ፕሮሰሰር ወይም በሚገባ የተመረመረ ያገለገለ ኮምፒዩተር፤ ከዚያ ሁለት ራምና ኤስ ኤስ ዲ፤ አየር የሚያስተላልፍና ከወለል ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሳጥን፤ ካርዱ በመጨረሻ። በዚህ መንገድ የተገጠመው ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት ከዝርዝሩ ኮምፒዩተር እንደሚዘገይ አንክድም። በሁለተኛው ዓመትም ግን ይሠራል፤ ማሾ ተሸጦ ለተገዛ ዕቃ ትልቁ መመዘኛ ይህ ይመስለናል።

አሳባችን የተመሠረተው በጥቂት ሰዎች ልምድ ላይ ስለ ሆነ መታረም ይችላል። በዕረፍት ጊዜ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ሰንበቴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ተማሪ የቮልት መለኪያ ይዞ ጧትና ማታ በቤቱ ያገኘውን ቁጥር ለአንድ ወር ቢመዘግብልን፣ መብራቱ የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ቢጨምርበት፣ ከዝርዝሮቹ ሁሉ የሚበልጥ መምሪያ ለመጻፍ መነሻ ይሆነናል።